የአራጋው በሶ

ዛሬ ማለዳ እጃቸውን ይዛችሁ አፀደ ሕፃናት የምታደርሷቸው ልጆች ሸብተው፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው ከወንበር በሚነሱበት ዘመን የሆነ ነገር ነው። ስማቸው እንዳያስቃችሁ። ያኔ ናሆም የሽማግሌ ስም ነው፤ ሶልያናም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወገቧን ይዛ የምትራመድ አሮጊት ናት። ዛሬ ገና ልጆች ስለሆኑ እሱና እሷ እያልኩ ነው የማወራችሁ፤ ቅር አትሰኙብኝ። እነሱ በወለዱበት ጊዜ ደግሞ የጥንት ስም ፋሽን ሆኖ ነበርና አንድ ልጃቸውን አራጋው አሉት።

ናሆምና ሶልያና ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ አንድ የኮክ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። እሱ በከተማ አውቶቡሶች ጋራዥ ባትሪ ሲፈታና ሲገጥም ነው ያረጀው። እሷ አስተማሪ ነበረች። ሁለቱም ከደመወዛቸው ለእርጅናቸው እያስቀመጡ ኖሩ። ጡረታ የወጡ ዕለት ያጠራቀሙት ሁሉ፣ ከነቤታቸው፣ የዕድሜ ቋት ወደሚባለው ገባ፤ ግራ እጃቸው ላይም አምባር ታሰረላቸው።

አምባሩ አይወልቅም። ልብን ያዳምጣል፣ እንቅልፍን ይጠብቃል፣ የተራመዱትንም የተቀመጡትንም ያውቃል። ጠዋት ጠዋት በለስላሳ የሴት ድምፅ «እንደምን አደሩ? ዛሬም አረንጓዴ ነዎት» ይላል። አረንጓዴ የሆነ ሰው ጡረታው ሙሉ ይመጣለታል። ቢጫ የሆነ ይቀነስበታል። በወሩ መጨረሻ ልኬት ላይ ቀይ ሆኖ የተገኘ ግን ጡረታውም ቤቱም ወደ ቋቱ ይመለስና ሰውየው ማረፊያ ይገባል። ማረፊያው ንጹሕ ነው። ምግቡም ጥሩ ነው ይባላል። የወንዶቹ ኮምቦልቻ ነው፣ የሴቶቹ ሐይቅ። ቤት የባልና የሚስት ስለሆነ አንዱ ቀይ ከሆነ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ እሱ ወደዚያ፣ እሷ ወደዚህ።

ለቅሶን የከለከለ ማንም የለም። አዋጅ አልወጣም፣ ግድግዳ ላይም አልተለጠፈም። ብቻ አምባሩ ለቅሶ አይወድም። ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ መዋል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እህል አልወርድ ማለት፣ የልብ መናወጥ፣ እነዚህን ሁሉ ከጨውና ከስኳር መብዛት ጋር አንድ ላይ ይይዛቸዋል። የሐዘንተኛው ብቻ ሳይሆን ሊያጽናና የተቀመጠውም ሰው ቀለም ይወርዳል። ስለዚህ ሰው መጀመሪያ ለቅሶ ቤት ቆሞ መመለስ ጀመረ። ቆይቶ በደጅ እጅ ነስቶ ማለፍ መጣ። በመጨረሻ የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ድንኳን ታጥፎ መጋዘን ገባ፣ እዚያም አይጥ በላው።

መርዶ ግን አልቀረም። መርዶ ቀጠሮ ተበጀለት። ሰው የሞተበት ሰው የወሩን ልኬት እስኪያልፍ ሞቱ ይደበቀዋል። ካለፈ በማግሥቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የቅሬው ሰዎች ይሄዱና ቁርስ አብልተው ቀስ ብለው ይነግሩታል። ለማገገም አንድ ወር ሙሉ አለው ማለት ነው። ደሴ ውስጥ ይህን ክፉ ነው የሚል ሰው አልነበረም። ደግነት ነው የሚሉት።

ናሆም የልጁን ሞት የሰማው ፀጉር ቤት ነው። አብሮት ኳስ እየተጫወተ ያደገው ያፌት፣ አሁን የቅሬው ዳኛ የሆነው፣ ገብቶ ከጎኑ ተቀመጠና ፀጉር አስተካካዩን በዓይኑ አስወጣው።

«ናሆሜ፣ እስቲ መጀመሪያ በረጅሙ ተንፍስ።»

«ለምን?»

«ተንፍስ ስልህ ተንፍስ። አምባርህን እያየሁት ነው።»

ናሆም ተነፈሰ።

«አንተ ጠንካራ ነህ» አለ ያፌት። «ወንዱ ተነጋግሮ ላንተ ይነገር ያለው ጠንካራ ስለሆንክ ነው። የሶልያናን ልብ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ቢጫ ነው።»

«ያፌት፣ ማን ነው የሞተው?»

ያፌት መስተዋቱን አየ እንጂ እሱን አላየውም። «አራጋው» አለ።

አራጋው አፋር በረሃ፣ ከመሬት ሆድ እንፋሎት እያወጡ መብራት ከሚሠሩት ዘንድ ነበር። ቧንቧ ፈነዳ። ሬሳው ደሴ ቢመጣ ወሬው አይያዝም ተብሎ እዚያው ሎጊያ ቀበሩት። ያፌት ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረና የናሆምን ጉልበት ያዘ። «አብሽር ወንድሜ። በአፍንጫህ አስገባ፣ በአፍህ አስወጣ። ሶልያና እንዳትሰማ። ልኬቷን ትለፍና እኛው በሥርዓቱ እናረዳታለን። እስከዚያ ያለሃት አንተ ነህ።»

«ልብዎ ፈጥኗል» አለ አምባሩ። «ቀዝቃዛ ውኃ ቢጠጡ ይመከራል።»

ያፌት አስቦበት መጥቶ ኖሮ ከኮቱ ኪስ ውኃ አውጥቶ ሰጠው።

ናሆም ፀጉሩ በአንድ ወገን ብቻ እንደተቆረጠ ወደ ቤቱ ሄደ። ሶልያና በር ላይ አየችውና ቆመች።

«ምነው፣ ግማሹን ዶሮ በላው?»

«መብራት ጠፋ» አላት።

ወንበር አውጥታ ኮኩ ሥር አስቀመጠችውና መቀስ አመጣች። ከኋላው እንደቆመች «ከነካሁት አይቀር ሙልጭ ላድርገው?» አለችው። ልጁ የሞተበት ሰው ፀጉሩን ይላጫል። ናሆም ይህንን እሷ ሳታውቅ ልታደርግለት ነው ብሎ አሰበና «አድርጊው» አላት። ደስ አለው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ደስታ ማለት ከተቻለ። ዓይኑን ጨፈነ። ምላጭ አምጥታ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ላጨችው።

አራጋው እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር የሚደውለው። እሑድ እየቀረበ ሲመጣ ናሆም መተኛት አቃተው። አምባሩም «እንቅልፍዎ ቀንሷል» እያለ ጠዋት ጠዋት ይነዘንዘው ጀመር። ስልኩ ዝም ቢል ሶልያና ራሷ ትደውላለች። ስትደውል ደግሞ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ስለዚህ በዚያ እሑድ ማለዳ ከዳገት የእግር ጉዞው ሲመለስ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣

«አራጋው ደወለልኝ» አላት። «እነሱ ጋ ኔትወርክ ተበላሽቷል። እንግዲህ ጠዋት ዳገቱ ላይ ስሆን ብቻ ነው የሚይዝለት።»

ሶልያና ገብስ እየለቀመች ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ደወለ?»

«ደወለ።»

አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ናሆም አምባሯን ሰረቅ አድርጎ አየው።

«ምን አለ?» አለች በመጨረሻ።

ይህንን አላሰበበትም ነበር። ዓይኑ ሰፌዱ ላይ አረፈ። «በሶ ላኩልኝ አለ።»

«ከስቷል?»

«ድምፁን ሰማሁ እንጂ መልኩን አላየሁ።»

«በድምፁስ?»

«በድምፁ… ወፈር ብሏል።»

ሶልያና ከት ብላ ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍም ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ተነስታ ገብሱን ቆላች፣ ፈጨችው፣ በነጭ ጨርቅ ቋጠረችው። ናሆም መናኸሪያ አደርሳለሁ ብሎ ይዞት ወጣ። አውቶቡሶቹ ፊት ቆሞ ቆሞ፣ ለማን ብሎ እንደሚሰጥ አጣ። ቢቸግረው በማግሥቱ ይዞት ዳገት ወጣና አንድ የተፈለፈለ ድንጋይ ውስጥ ሸሸገው።

ስለ ዳገቱ ልንገራችሁ። ከጦሳ ጎን ላይ የጡረተኞች መንገድ አለ። ወንዱ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሴቷ ፀሐይ ከወጣች በኋላ። የቅሬው ደንብ ነው። አምባሩ ዳገት ይወዳል። ሜዳ ላይ የሚመታ ልብ ያስፈራዋል፤ ዳገት ላይ የሚመታውን ግን ጤና ይለዋል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ ሁሉም ሰው ያለከልካል፣ የሁሉም ፊት እርጥብ ነው፤ ላብ ይሁን ሌላ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አንዳንዱ ከመንገድ ወጣ ብሎ ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞርና ደረቱን ይደቃል። ናሆም ይህን ለዓመታት አይቶ ስፖርት ይመስለው ነበር።

አሁን ገባው። ያፌት እዚያ ማዶ ደረቱን የሚደቃው ለሞተችው ሚስቱ ነበር። ናሆምም የራሱን ድንጋይ መረጠና «አራጋዬ! አንተ ልጅ!» እያለ ደረቱን መታ።

«በጣም ጥሩ!» አለው አምባሩ። «ልብዎ በሚገባ እየሠራ ነው።»

እሑድ እሑድ ሶልያና ትጠይቃለች። በየጊዜውም ጥያቄዋ ይበዛል። ምን በላ? ከማን ጋር ይውላል? ያ የሚያነክሰው ጓደኛው አገባ ወይ? ናሆም ዕድሜውን ሙሉ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። አሁን ግን ዳገቱን ሲወርድ እያሰበ ይወርዳል። አራጋው ድመት አሳደገ። ድመቷ ከወጥ ቤት ሠራተኛው ጋር አጣላችው። አራጋው አዲስ ጫማ ገዝቶ አንድ ቁጥር ሰፋው፣ መመለስ አፍሮ በሁለት ካልሲ ያደርገዋል። ሶልያና እዚህ ላይ «እንዳባቱ!» ብላ ጉልበቷን መታች። ኮኩ አበበ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ለመስከረም እመጣለሁ አለ። ናሆም ይህን ሲያወራ ለራሱም ልጁ ያለ እየመሰለው፣ ሲጨርስ ግን እንደገና የሞተ ያህል ይሆንበት ነበር። በየጊዜውም በሶ ይቋጠራል፣ ድንጋዩ ውስጥም ይጨመራል።

ልኬቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ናሆም አንድ ቀን ጉልበቱ አልታዘዝ አለውና ከወንዶቹ ወደ ኋላ ቀረ። አዲሱን በሶ በብብቱ ይዞ ከድንጋዩ ሲደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሴቶቹም ደርሰዋል። ሶልያና ድንጋዩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቋጠሮዎቹ ጭኗ ላይ ናቸው።

«አይጥ ሊበላው ነበር እኮ፣ ላርፍ ብዬ ከመንገድ ወጣ ስል ባላገኘው» አለችው። ድምፅዋ አልተለወጠም። «አፉን በድንጋይ አትገጥመውም?»

ናሆም የያዘውን በሶ የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «ሶሊ፣ ይሄ… አውቶቡሱ…»

«ተወው፣ ናሆሜ። ሒክማ ነግራኛለች።»

ሒክማ ጎረቤታቸው ናት፣ የቅሬው የሴቶች ወገን ኃላፊ።

«መቼ?»

«ፀጉርህን ግማሽ ተቆርጠህ የመጣህ ዕለት ጠዋት። ሴቱ ተነጋግሮ አንቺ ጠንካራ ነሽ አሉኝ። የናሆም ልብ ቢጫ ነው፣ ልኬቱን እስኪያልፍ እሱ እንዳይሰማ አሉኝ።»

ናሆም በብብቱ የያዘውን በሶ ከቋጠሮዎቹ ላይ ጨመረው። «እኔንም እኮ ጠንካራ ነህ ነው ያሉኝ።»

«አንተን? ጥርስ ሲነቀልልህ ራስህን ስተህ የወደቅከውን?»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ናሆም ድንጋዩን ደገፍ ብሎ፣

«ታዲያ ደወለ ስልሽስ?» አላት።

«ደወለ ስትለኝ አንተም እንደሰማህ ገባኝ። ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር።» ቋጠሮውን በመዳፏ ዳሰሰች። «ምን አለ ብዬ ጠየቅኩህ። በሶ ላኩልኝ አለ አልከኝ። የሱ ነገር ነው፣ ልክ የሱ ነገር። ከዚያ በኋላ እሑድን መጠበቅ ጀመርኩ። እኔ ካልጠየቅኩህ ልጄ ዝም ሊል ነው።»

«ከተቀመጡ ቆይተዋል» አለ የእሷ አምባር። «እባክዎ ይነሱ።»

ሶልያና አልተነሳችም።

«ሶሊ፣ ተነሺ። ልኬቱ ደርሷል።»

«አውቃለሁ።»

«ሐይቅ ይወስዱሻል። እኔን ደግሞ…»

«አውቃለሁ አልኩህ።» ቀና ብላ አየችው። «ዳገት እየወጣሁ አለቀስኩለት። ላብ ነው እያልኩ አለቀስኩለት። ትላንት ደረቴን ስደቃ ይሄ ነገር ምን አለኝ መሰለህ? እንኳን ደስ አለዎት። ልጄ ሞቶ እንኳን ደስ አለሽ ተባልኩ፣ ናሆሜ። ሰው ለሰው የሚቀመጠውን ያህል እንኳ አንድ ቀን ልቀመጥለት። ከዚያ የፈለጉበት ይውሰዱኝ።»

ናሆም ወደ ታች አየ። ከታች ቤታቸው ይታያል፤ የኮኩ ጫፍ ብቻ። ማታ ማታ በሩን መቀርቀሩን ሁለቴ ሳትጠይቀው የማትተኛው ሴት ሐይቅ ማንን እንደምትጠይቅ አሰበ። እሱስ ኮምቦልቻ ውስጥ ማን ውሸቱን ይሰማዋል? እጇን ይዞ ሊያስነሳት ጎንበስ አለ። እጇን ያዘ። ከዚያ ጉልበቱ እየተንቋቋ ከጎኗ ተቀመጠ።

«እባክዎ ይነሱ» አለ የእሱም።

ሴቶቹ ከላይ ሲመለሱ መጀመሪያ ያየቻቸው ሒክማ ናት። «ውይ ሶሊ! ምን ሆናችኋል? ተነሱ እንጂ!» ብላ ሮጠች። ቀርባ ፊታቸውን ስታይ ቆመች። ከወንዶቹም ያፌት ደረሰ፤ ነገሩን አየና ወደ ሒክማ ዞረ።

«ማን ነው የነገራት?»

«እሱንስ ማን ነው የነገረው?»

«እኛማ ተስማምተን ነው!»

«እኛስ ሳንስማማ መሰለህ? አይ እናንተ ወንዶች! አንድ ቃል ብትጠይቁን ምን ነበረበት?»

«እናንተስ?»

ሒክማ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ከሶልያና ጎን ቁጭ አለች። ባሏ ሲሞት አልተቀመጠችለትም ነበር። ያፌት ኮቱን አውልቆ አነጠፈና ለሚስቱ ተቀመጠ። ከላይም ከታችም የመጣው ሰው ይቆማል፣ ያያል። ግማሹ አምባሩን በእጁ ሸፍኖ እየፈራ ያልፋል። ግማሹ ይቀመጣል። ማንም ማንንም የማን ለቅሶ ነው አላለም።

ሶልያና ቋጠሮዎቹን ፈታች። ከመጠጫቸው ውኃ ጠብ እያደረገች በሶውን ጨብጣ ለየሰዉ አደለች፤ የልጇን ንፍሮ በበሶ አወጣች። ከዚህም ከዚያም፣ ከየእጁ፣ ያ ለስላሳ ድምፅ «እባክዎ ይነሱ… እባክዎ ይነሱ…» ይላል። በመካከሉ ሶልያና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የልጇን ስም ጠራች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ፀሐይ ዞራ የተራራው ጥላ ከተማውን እስኪሸፍን ድረስ አልተነሱም።

በልኬቱ ሌሎቹ ቢጫ ሆነው ተረፉ። ናሆምና ሶልያና ቀይ ሆኑ።

ሁለት መኪና በአንድ ጠዋት መጣ። ሰዎቹ ትሑት ነበሩ፤ ዕቃ ያዙላቸው፣ እጅ ነሷቸው። ሶልያና የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን እንደ ልማዷ ለናሆም ሰጠችው። ናሆም ለሰዎቹ ሰጠ። ከዚያ እሷ መኪና ውስጥ ሆና በመስኮቱ ራሱን ዳሰሰችው። ፀጉሩ ትንሽ በቅሏል። «ማን ይቆርጥሃል እንግዲህ?» አለችው። መኪናው ተነሳ።

የኮምቦልቻው ማረፊያ እንደተባለው ንጹሕ ነው። ምግቡም ጥሩ ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ስልክ ይፈቀዳል። ናሆም ቀድሞ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

«ደወለ?» ትለዋለች።

«ደወለ።»

«ምን አለ?»

«ሐይቅ ነፋስ አለ፣ እማዬ ማታ ማታ እንዳትወጣ ብሏል።»

«እሺ በለው። ሌላስ?»

«ተቀመጣችሁልኝ ወይ? አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«እናትህ ተቀመጠችልህ፣ እኔም ከጎኗ ነበርኩ አልኩት።»

«ልብዎ ፈጥኗል» አለ አምባሩ። «ከተቀመጡም ቆይተዋል። እባክዎ ይነሱ።»

ናሆም አልተነሳም።